ልጄ ስትጠየቅ፣ እኔ ስመልስ

ጥቅምት 6፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የደንበኞች ቀጠሮ መያዣ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፤ ቀጠሮውን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር እጽፋለሁ። ምክንያቱ ልጄ ናት። ጠዋት የጫማዋን ክር እያሰረች፣ "እማዬ፣ የኔን ነገር ፀጉር ቤት ውስጥ አታውሪ። ማይልኝ" አለችኝ። ማልኩላት። ጉዱ የገባኝ ከወጣች በኋላ ነው። ታዲያ እኔ ስለምን ላወራ ነው? ሰው ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር አስቀምጬ ግድግዳ ላይ ላፍጥ? እኔ በሥራ ሰዓት ዝም የምለው የፀጉር ማስያዣ በከንፈሬ የያዝኩ እንደሆነ ብቻ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን "እም፣ እም" እያልኩ መልስ እሰጣለሁ።

ስለዚህ ላንቺ አወራለሁ ደብተሬ። አንቺ ቀና በይ ሲሉሽ ጎንበስ አትይም፣ ጆሮዬን አቃጠልሽኝ ብለሽም አትጮሂም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ገብታለች። አምና ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ነው የተማረው፤ ዘንድሮ እያንዳንዱ የሚቀጥልበትን ሙያ መምረጥ አለበት። ኮሌጁ ደግሞ አዲስ ነገር አምጥቷል። ከመምረጣቸው በፊት ሦስት መሥሪያ ቤት እየተላኩ ሥራ ይሞክራሉ። "ራሳቸውን እንዲፈልጉ ነው" ይላሉ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ራሴን ፈልጌ አላውቅም፤ ቀና ስል መስታወቱ ውስጥ ነኝ።

እስከ ኅዳር 20 ካልመረጠች ኮሌጁ ቦታ በተረፈበት ይመድባታል። ሰው የተወውን ትምህርት ልጄ ዕድሜ ልኳን ልትሠራበት!

ነገ ወላጅ አማካሪዋ ጋ ይቅረብ ተብሏል። ቀዩን ሹራቤን አውጥቻለሁ።

ጥቅምት 7

አማካሪዋ ልጅ እግር ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ ጠረጴዛዋን ስትበረብር አገኘናት። "ግንባርሽ ላይ ነው እህቴ" አልኳት። ወዲያው ተግባባን።

"እሺ፣ አንቺ ምን ደስ ይልሻል?" ብላ ልጄን ጠየቀቻት።

ልጄ ኮርኒሱን አየች። ሰው ሲጠይቅ ኮርኒስ ይታያል? ጭንቅ አለኝና፣ "ሰው ትወዳለች፣ ጨዋታ ትወዳለች" አልኩ።

"ከትምህርትስ የትኛው ይቀልሻል?"

"ቋንቋ" አልኩ። ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ኬሚስትሪ መሆኑን አላጣሁትም። ግን ኬሚስትሪ ይቀለኛል ማለት ጉራ ይመስላል።

"ወደፊት ምን ስትሠሪ ይታይሻል?"

"ሬዲዮ!" አልኩ። ይህን እንኳ ሳላስበው ነው ያመለጠኝ። ግን እውነቴን ነው፤ እስቲ አስቢው ደብተሬ፣ ጠዋት ጠዋት ያ የሚያምር ድምፅ በየቤቱ ገብቶ "እንደምን አደራችሁ" ሲል፣ ከተማው ሁሉ እጁን አቁሞ ሲያዳምጥ! "ድምፅዋ ጥሩ ነው" አልኩ። "ስትወለድ ያለቀሰችውን አዋላጇ እስከዛሬ ታነሳዋለች።"

አማካሪዋ ፈገግ አለች። "እናቴ፣ እሷ ራሷ ብትመልስልኝ ደስ ይለኝ ነበር።"

"ትመልሳለች፣ ምን ገዷት! ጠይቂያት" አልኩ። ጠየቀቻት። አሁን ሳስበው ያንንም የመለስኩት እኔ ነኝ መሰለኝ።

አውቶቡስ ውስጥ፣ "ጥሩ ተናገርን አይደል?" አልኳት።

"ተናገርሽ" አለች በመስኮት እያየች።

ጥቅምት 9

አባቷ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። አመሻሹ ላይ ከመውጣቱ በፊት እሱና ልጁ በረንዳው ላይ ይቀመጣሉ። ዛሬ የፀጉር ቤቱን ፎጣዎች እያጣጠፍኩ ጆሮዬን ጣል አደረግሁባቸው። እሷ ሰማዩን ታያለች፣ እሱ ጫማውን ያያል። የፎጣው ክምር አለቀ። አንድ ቃል የለም።

ሲነሳ፣ "ምን ስትባባሉ ነበር?" አልኩት።

"ስንጫወት ነበር" አለኝ።

ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው እኮ የምኖረው።

ጥቅምት 13

ሬዲዮ ጣቢያ ተመደበች!!! አማካሪዋ ሰምታኛለች። ለማንም አልተናገርኩም። ለማንም። ምላሴ አብጧል።

ጥቅምት 17፣ ዓርብ

ዛሬ በአየር ላይ ልትናገር ነበር። የአየሩን ሁኔታ ታነባለች፤ ሁለት መስመር ናት፣ ከወረቀት።

መሐላዬን አላፈረስኩም። ስለ ልጄ ትንፍሽ አላልኩም። ካስኮቹን ሁሉ አጠፋሁ፣ ቧንቧውን ዘጋሁ፣ ሬዲዮውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት፣ በቃ።

"ምንድነው? ጦርነት ታወጀ እንዴ?" አለች ባለ ሱቋ። ባለ ሱቋ ጎረቤቴ ናት። ልጇ ጠበቃ ሆኗልና ከዚያ ወዲህ ሳሙና ስትሸጥም እንደ ዳኛ ነው የምትቆመው።

"ስሚ ብቻ" አልኳት።

"አሁን ደግሞ ተማሪዋ እንግዳችን የአየሩን ሁኔታ ትነግረናለች" አለ አቅራቢው።

ዝም።

ጡረተኛዋ መምህርት ግማሽ ፀጉራቸው ተጠቅልሎ ግማሹ እንደቀረ ወደ ሬዲዮው ዘንበል አሉ። "ተበላሸብሽ መሰለኝ" አሉኝ። አልተበላሸም። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። ትንፋሽም ይሰማኛል፤ ትንፋሿን ከሺህ ትንፋሽ መሃል እለየዋለሁ።

"እ... ተማሪያችን?" አለ አቅራቢው።

ዝም።

አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? የአድማጮች መስመር ቁጥሩ በቃሌ ነው፤ ከስንት ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ደውዬበት ግን አላውቅም። ዛሬ እጄ ራሱ ደወለ።

"ሄሎ፣ አድማጫችን፣ ማን ልበል?"

"እናቷ ነኝ!"

ፀጉር ቤቱ ጮኸ። ድምፄ አንዴ ከአፌ፣ አንዴ ከሬዲዮው ይወጣል። "ሬዲዮውን ዝቅ ያድርጉት እናቴ" አለኝ አቅራቢው። ባለ ሱቋ ሮጣ ዝቅ አደረገችው፤ እሷም ለካ ለክፉ ቀን ትሆናለች።

"ዛሬ ይዘንባል" አልኩ። "ጉልበቴ ከንጋት ጀምሮ ነግሮኛል። ልብስ ያሰጣችሁ አስገቡ። ልጄ አፍራ ነው እንጂ ታውቀዋለች። ቁርስም አልበላች፣ ባዶ ሆድ ድምፅ ከየት ያመጣል? ከድሮም እንዲህ ናት፤ አፏን የፈታችው በሦስት ዓመቷ ነው። የመጀመሪያ ቃሏንም ልንገራችሁ? 'በቃ' ነው ያለችው። ለኔ ነበር ያለችው፣ እያጫወትኳት።"

አቅራቢው ሲስቅ ማይክራፎኑ ተንኳኳ። ከዚያ በኋላ ምን ምን እንዳልኩ በደንብ አላስታውስም። ብቻ ደስ ብሎኝ ነበር። ለልጄ ብዬ እኮ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ያውም እንዴት ያለ ዝናብ!

ማታ

በስብሳ ገባች። ፎጣ ይዤ ጠበቅኳት። ፎጣውን ተቀበለችኝና ፊቷን ሸፈነችበት፤ ከፎጣው ውስጥ ሆና፣ "እማዬ፣ ላነብ ነበር እኮ። ትንፋሽ እየወሰድኩ ነበር" አለችኝ።

"አንድ ትንፋሽ ይህን ያህል?"

እራቷን ሳትበላ ተኛች። እኔ ምን አጠፋሁ? ልጄ ስትወድቅ አይቼ እጄን አጣጥፌ ልቁም? ይልቅ ያ አቅራቢ ነው ጥፋተኛው፤ የሚያዋክበው እሱ ነው። ወይስ እኔ ነኝ ያዋከብኳት? አይ፣ እሱ ነው።

ጥቅምት 20

ዛሬ የሬዲዮው አዘጋጅ በፀጉር ቤቱ ስልክ ደወለ። "ባለ ጉልበቷ እናት የት ሄደች እያሉ አድማጮች አስቸገሩን" አለኝ። በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ብቅ ብዬ ብጫወትላቸው ይወዳሉ። "አይሆንም" አልኩት፣ ቁርጥ አድርጌ። እኔ የፀጉር ሠራተኛ ነኝ። ሬዲዮው ለልጄ ነበር። ለልጄ ካልሆነ ለማንም አይሆንም።

ቁጥሩን ግን ካላንደሩ ጥግ ላይ ጻፍኩት። እንዳይጠፋ ብቻ ነው።

ልጄ ሆቴል ተመደበች፣ እንግዳ መቀበያው ላይ። አማካሪዋን "ሰው ትወዳለች" ብያት አልነበር? አሁንም ሰምታኛለች።

ጥቅምት 24

ምሳዋን ረስታ ወጣች። ረስታ ነው እኔ እንደማምነው። ይዤላት ሄድኩ። አድርሼ ልመለስ።

ስገባ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው እንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ሻንጣውን ዘርግቶ ይጮኻል። ልጄ ከባንኮኒው ጀርባ ቁልፍ በእጇ ይዛ ቆማለች። ፊት ለፊቷ ያለው ሰውዬ፣ "ክፍሌ የት ነው?" ይላታል። ቁልፉን ትሰጠዋለች። "ስንተኛ ፎቅ?" ይላታል። በጣቷ ወደ ላይ ታሳየዋለች። ኧረ የሰው ያለህ!

ምሳ ዕቃውን አስቀመጥኩና ዞሬ ገባሁ። ደክሟችኋል አልኳቸው፣ መንገዱ እንዴት ነበር አልኳቸው፣ አንዲቷን ሴትዮ ይህን የመሰለ ፀጉር አቧራ አበላሸው አልኳት። ሰዉ ሳቀ፣ ወረፋ ያዘ፣ ገባ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ፣ "አዲሷ ሠራተኛ እርስዎ ኖት?" አለኝ።

"የለም፣ እሷ ናት" ብዬ ወደ ልጄ ስዞር ቦታዋ ላይ የለችም። ሻንጣ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ አንድ ሻንጣ ላይ ተቀምጣለች። ምሳዋን አልነካችውም።

"እማዬ፣ አንቺ እዚህ ብትቀጠሪስ?" አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። ከሳቅሁ በኋላ ነው ፊቷን ያየሁት።

ጥቅምት 27

"ሦስተኛው የት ነው?" አልኳት።

"ሥራ ነው" አለች። በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ቀስ ብሎ የተዘጋ በር እንዴት እንደሚያም እኔ ነኝ የማውቀው።

ጥቅምት 29

ቦት ጫማዋ ጭቃ ነው። በከተማ ውስጥ ጭቃ ከየት? የደንበኛ ወረፋ አለብኝ፣ በኋላ እጽፋለሁ።

ኅዳር 1

እጇ በረኪና በረኪና ይሸታል። ሃያ ዓመት ቀለም ስቀባ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ሽታ አይሸውደኝም። ጭቃና በረኪና። ልጄ ምን እየሠራች ነው?

መሐላ መሐላ ነውና ደንበኞቼን በዘዴ ጠየቅኋቸው። "አንዲት የማላውቃት ልጅ አለች" አልኩ። "ጫማዋ ጭቃ፣ እጇ በረኪና ቢሸት ምን ትሠራለች ትላላችሁ?"

"ሬሳ ታጥባለች" አለች ባለ ሱቋ፣ ሳታስብ። "አጥባ ደግሞ ትቀብራለች።"

ጡረተኛዋ መምህርት በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብለው አዩኝ። "ልጅሽ ደህና ናት?" አሉኝ።

"የማላውቃት ልጅ ናት አልኩ እኮ!"

"እሱንማ ሰማሁ" አሉ።

ምን ለማለት ፈልገው ነው? ቀኑን ሙሉ አብላላሁት። አንዷን ደንበኛ ጥቁር እቀባልሻለሁ ብዬ ቀይ ቀባኋት። ወደደችው፣ ተረፍኩ።

ኅዳር 4

ዛሬስ ደስ የሚል ነገር ሰማሁ። በረንዳው ላይ ከአባቷ ጋር ናት፤ እኔ ውስጥ ነኝ፣ ፎጣ ላይ። ለአንድ አፍታ ድምፅ ተሰማኝ። የልጄ ድምፅ! መጋረጃውን ተጠግቼ ቆምኩ።

"እማዬ ማለት" አለችው፣ "ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ ሬዲዮ ናት።"

ሬዲዮ አለችኝ! እኔን! ለካ በልቧ ታደንቀኛለች። ፎጣውን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ደግሞ "እሷ ባለችበት ማሰብ..." ብላ የሆነ ነገር አለች፤ በመንገድ መኪና አለፈና አልሰማሁትም። ምንም አይደለም። ዋናውን ሰምቻለሁ።

ኅዳር 5

ከእንቅልፌ ነቅቼ ተጋድሜ ሳለሁ መኪናው ያለፈበት ቃል ምን እንደሆነ ገባኝ።

ኅዳር 7

ለሁለት ቀን ቤት ውስጥ ብዙ አልተናገርኩም። አባቷ፣ "አሞሻል እንዴ?" አለኝ። እንደዚህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ዝም ስል ነው ለካ የሚያየኝ።

"ልጅህ የት ነው የምትውለው?" አልኩት።

"ውሃ ማጣሪያው" አለኝ። ወዲያውኑ! እንደ ቀላል ነገር! "ላቦራቶሪ ውስጥ ናት። ከወንዙ ውሃ ትቀዳለች፣ ትመረምራለች። በጣም ደስ ብሏታል።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። በረኪና፣ ጭቃ፣ ወንዝ። እኔ እኮ ልጄን ቀባሪ አድርጌያት ሰነበትኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቅሽኝም።"

"እኔ? እኔ አልጠየቅሁም? ስንት ነገር ነው የምለው በዚህ ቤት!"

ኮፍያውን አደረገ። "ትያለሽ" አለ። "ብለሽ ግን አትጠብቂም።" ሄደ። ይህ ሰው በዓመት አንዴ ይናገርና ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቀኑ ደግሞ እየደረሰ ነው። ውሃው ደስ ካላት ለምን አልመረጠችም? ወረቀቱ እንዳለ ጠረጴዛዋ ላይ ነው፣ ባዶ። አቧራ ስጠርግ ነው ያየሁት። እንዲያው ስጠርግ።

ዛሬ እራት ላይ አፌን ከፈትኩ፣ "የሬዲዮ ክፍል እኮ ገና ቦታ አለው" ልል። ድንች ጎረስኩበት።

ኅዳር 12

አማካሪዋ እያንዳንዱ ተማሪ የሚሠራበትን ቦታ ለወላጁ እንዲያሳይ አዛለች። ልጄ ይህን የነገረችኝ ሳትወድ በግድ የሰርግ ጥሪ እንደምትሰጥ ሰው ሆና ነው። "ከፈለግሽ ነው" አለችኝ።

"እመጣለሁ" አልኩ። ምን ልልበስ አላልኩም። ምን ይዤ ልምጣም አላልኩም። አየሽ?

ኅዳር 14፣ ሐሙስ

ፀጉር ቤቱን ዘጋሁ። አሁን አምሽቻለሁ፣ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው። ሁሉንም ልንገርሽ።

ማጣሪያው ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ከፍ ብሎ ነው። ክፍሏ ነጭ ናት፣ መስኮቷ ወደ ኩሬዎቹ ያያል። የክፍሉ ኃላፊ ነጭ ጋውን የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። "እንደምን ዋሉ" ስላቸው መልሱን አሰቡት። ልጄ ወገኗን አግኝታለች አልኩ በልቤ።

በሩ ላይ ልጄ አቆመችኝ። "እማዬ፣ ጠረጴዛውን አትደገፊ። ውሃው እስኪጠራ ድረስም አትናገሪ። ከተነቃነቀ እንደገና ነው የምጀምረው።"

"እኔ ስናገር ጠረጴዛ ይነቃነቃል?"

"እጅሽ አብሮ ይናገራል" አለች።

እውነቷን ነው። በርጩማ ሰጡኝ። እጆቼን ከስሬ አድርጌ ተቀመጥኩባቸው።

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ትልልቅ ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። ውስጣቸው ያለው የወንዝ ውሃ ነው፤ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። እኛ የምንጠጣው ይህን ነበር እንዴ? ልል ነበር። አላልኩም። ልጄ በመርፌ እያደረገች በየብርጭቆው መድኃኒት ጨመረች፣ ለአንዱ ትንሽ፣ ለቀጣዩ ከዚያ በለጥ፣ እንዲያ እንዲያ እያለች። ማሽን አስነሳች፤ ስድስት ማማሰያ በአንዴ ዞረ። ቀጥሎ ማሽኑ ዘገየ። ቀጥሎ ቆመ።

ከዚያ ምንም።

ደብተሬ፣ እዚያ በርጩማ ላይ በምላሴ ጫፍ የመጣውን ሁሉ ብጽፍልሽ ገጽሽ አይበቃም። የኃላፊው ጋውን ቁልፍ ተበጥሷል። የልጄ ፀጉር ማስያዣው ላልቷል። አንዱ ብርጭቆ ጋ ዝንብ አለ። ከንፈሬን በጥርሴ ያዝኩት፣ ማስያዣ እንደያዝኩ አስመስዬ።

ያኔ ልጄ ተናገረች። ማንም ሳይጠይቃት። ዓይኗን ከብርጭቆዎቹ ሳታነሳ።

"ወንዙ በየቀኑ አንድ አይደለም እማዬ። ዝናብ ሲዘንብ ሌላ ነው፣ ሲያባራ ሌላ ነው። ትላንት የሠራው መጠን ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ በየቀኑ እንጠይቀዋለን። የመጀመሪያው መድኃኒቱ አንሶታል። የመጨረሻው በዝቶበታል። ከመሃል የትኛው ቀድሞ እንደሚጠራ እንጠብቃለን። ለከተማው ሁሉ የሚገባው መጠን እሱ ነው።"

ብርጭቆዎቹ ውስጥ ጥጥ የሚመስል ነገር መሰብሰብ ጀመረ። ትንንሽ ብጥስጣሽ እየተያያዘ ቀስ እያለ ይወርዳል።

"ሬዲዮ ጣቢያው ክፉ አልነበረም" አለች። "ሆቴሉም። ግን እዚያ ዝም ስል ሰው ሁሉ የሆነ ነገር የጎደለኝ ይመስለዋል። እዚህ ዝም ማለት ሥራው ነው። ውሃው ጥሩ ከሆነ ማንም ስለኛ አያወራም። ሰው ጠዋት ቧንቧውን ይከፍታል፣ ፊቱን ይታጠባል፣ ይሄዳል። ስሜን አያውቅም። እማዬ፣ እኔን እሱ ነው ደስ የሚለኝ።"

በደንብ ከሠራሽው ማንም የማያወራልሽ ሥራ! ከዚህ የባሰ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አፌ ተከፈተ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ዘጋሁት።

"ወረቀቱን ያልሞላሁት" አለች ልጄ፣ ዝግ ብላ፣ "እንድታዝኚብኝ ስላልፈለግሁ ነው።"

ከወለድኳት ጀምሮ የነገረችኝን ሁሉ ብደምረው ይህን አያህልም። አንዴም ሳላቋርጣት ነው የጨረሰችው። እጄ ደንዝዞ ነበር።

በመጨረሻ ዞር አለችና፣ "አሁን መናገር ትችያለሽ" አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ የተጠራቀመ ነገር የት እንደገባ አላውቅም።

"ሦስተኛው" አልኩ። "ሦስተኛው ብርጭቆ ጠራ።"

ዞራ አየችው። ሳቀች፤ ጥርሷ እስኪታይ። "አዎ እማዬ፣ ሦስተኛው ነው።"

ሽማግሌው አሰቡ፣ አሰቡና፣ "ጥሩ ዓይን አላቸው" አሏት።

ኅዳር 17፣ እሑድ

የሬዲዮው አዘጋጅ እንደገና ደወለ። ቤት ነው የደወለው፤ የቤቱን ቁጥር ማን እንደሰጠው አላውቅም። እኔ ሳልሆን አልቀርም። አሁንም "አይሆንም" ስለው ልጄ ሰማች።

"ለምን አትሄጂም?" አለችኝ።

"እኔ ሬዲዮ ምን ያደርግልኛል? ላንቺ ብዬ ነበር እኮ።"

ኮርኒሱን አየች። ዛሬ ጠበቅኳት። ያች ልጅ ኮርኒስ ላይ ምን እንደምታነብ እንጃ፣ ግን አንብባ ስትጨርስ ትመለሳለች።

"የፈለግሽው አንቺ ነበርሽ እማዬ" አለችኝ። በቁጣ አይደለም። "ሂጂ። ግን ስለ እኔ አታወሪም።"

"ታዲያ ስለምን ላወራ ነው?"

"ስለ ራስሽ።"

"ስለ ራሴ ምን አለ?"

ይኸው ከሰዓት በኋላ ጀምሮ አንቺን ከፍቼ ተቀምጫለሁ ደብተሬ። ስለ ራሴ ብዬ ጽፌ ከስሩ ባዶ ነው። ጎበዝ ልጅ አለችኝ ብዬ ጻፍኩና ሰረዝኩት። ጉልበቴ ዝናብ ያውቃል ብዬ ጻፍኩ። እሱ ይቀመጥ። ሌላም ይኖራል፤ ማክሰኞ እስኪደርስ እፈልጋለሁ።

ኅዳር 20

ወረቀቱን ሞልታ አስገባች። ምን ብላ እንደሞላችው አልጠየቅሁም። ውሸቴን ነው፣ ጠየቅሁ። አንዴ ብቻ ነው ግን፣ ከዚያ ጠበቅሁ።

ኅዳር 23፣ ቅዳሜ

ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ማክሰኞ ሬዲዮ ላይ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ነው፤ ጉልበቴን ለማየት የሚመጣም አለ። ልጄ ፎጣ ልታቀብለኝ መጥታ ጥግ ላይ ቆማለች። ወንበሩ ላይ ባለ ሱቋ ናት። ፀጉሯን እስከ ጆሮዋ ቆርጬላታለሁ፤ የጠበቃ እናት እንዲህ ነው የምትቆረጠው ብላ ነው።

"እና" አለችኝ ባለ ሱቋ በመስታወቱ ውስጥ፣ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጋ፣ "ያች ልጅሽ ምን ልትሆን ሆነ? ሬዲዮውንም አልቻለችው አሉ።"

ካስኮቹ ሁሉ ያን ሰዓት ጠፍተው ነበር መሰለኝ፤ አለበለዚያ እንደዚያ ጸጥ አይልም ነበር። ጡረተኛዋ መምህርት እንኳ መጽሔታቸውን ዝቅ አደረጉ። ሁሉም እኔን ያያል። መልሱ ምላሴ ላይ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ አሰማምሬ ያዘጋጀሁት ነው፣ ከተማው ሁሉ ጠዋት ቧንቧውን ሲከፍት የሚል አለበት።

ከጠረጴዛው ላይ እፍኝ ማስያዣ አነሳሁና አፌ ውስጥ ከተትኩ።

"እም" አልኩ፤ በዓይኔ ወደ ልጄ አመለከትኩ።

ልጄ ኮርኒሱን አየች። አንዷ ደንበኛ ሳቋን ልትጀምር ነበር፣ በማበጠሪያው ትከሻዋን ነካ አደረግሁት። ልጄ ትንፋሽ እየወሰደች ነው። አሁን አውቀዋለሁ።

"ውሃ" አለች ልጄ።

"ውሃ ምን? ውሃ ልትቀጂ?" አለች ባለ ሱቋ።

"አዎ፣ እሱም አለበት" አለችና ፎጣዎቹን አስቀምጣ ወደ መሃል መጣች። ከዚያ ስለ ወንዙ፣ ስለ ስድስቱ ብርጭቆዎች፣ ስለ መድኃኒቱ ነገረቻቸው። በዝግታ ነው፣ እየቆመች ነው፤ ማንም አላቋረጣትም። እኔ ካዘጋጀሁት ያነሰ ነበር፣ ያም ሆኖ ጡረተኛዋ መምህርት ጥያቄ ጠየቋት፤ እሱንም መለሰችው።

ባለ ሱቋ ራሷን ነካ ነካ አደረገች፣ መስታወቱን አየች፣ እኔን አየች።

"ቆይ አንቺ፣ ያ ሁሉ ማስያዣ ለምኔ ነው? ፀጉሬ እኮ አጭር ነው!"

"እም" አልኳት።